ትልቁ አንጀት ከወጣ በኋላ የሲሊየም ዱቄትን ለሰገራ ማወፈሪያ የመጠቀም መመሪያ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ከቀዶ ሕክምና ክትትል የተመለሰ ሰው ማዘዣውን ይሰጠኛል፤ የሲሊየም ዱቄቱን (ከአንድ ተክል ፍሬ ገለባ የሚዘጋጅ ፋይበር ነው) ሳቀብለው ካርቶኑን ገልበጥ አድርጎ ያነብና «ይህ እኮ የድርቀት መድኃኒት ነው፤ እኔን ያስቸገረኝ ግን መቅጠኑና ማምለጡ ነው፤ ተሳስተው ይሆን?» ይለኛል። አልተሳሳቱም። ይኸው ዱቄት ከብዙ ውኃ ጋር ሲወሰድ የደረቀ ሰገራን ያለሰልሳል፣ በጥቂት ፈሳሽና ከምግብ ጋር ሲወሰድ ግን የቀጠነውን ያወፍራል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዱቄቱ ሳይሆን ከፈሳሹ መጠንና ከሰዓቱ ስለሆነ፣ ወረፋ እየጠበቀ ባለ ሰው ፊት በሁለት ደቂቃ ተናግሬ የማልጨርሰውን እዚህ በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

መመሪያው ለማን ነው?

ትልቁ አንጀታቸው በሙሉ ወይም አብዛኛው ወጥቶ ትንሹ አንጀት ከደንዳኔ (ከፊንጢጣ በላይ ካለው የአንጀት መጨረሻ) ጋር ለተገናኘላቸው፣ እንዲሁም ከትንሹ አንጀት ጫፍ ሐኪሞች ፓውች የሚሉት የውስጥ ማጠራቀሚያ ለተሠራላቸው አዋቂዎች ነው። ሰገራቸው በሆድ ላይ በተከፈተ መውጫ ወደ ከረጢት የሚወርድላቸው ሰዎችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ነገር ግን መውጫው እንዳይዘጋ ስለሚያሰጋ ያለ ሐኪማቸው ፈቃድ አይጀምሩ። አንጀታቸው ተጠማዝዞ የተወሰነ ክፍሉ ብቻ የተቆረጠላቸው ሰዎች ግን ቀሪው አንጀት ውኃ መምጠጡን ስለሚቀጥል ብዙ ጊዜ ይህ አያስፈልጋቸውም። ለልጆች የሚሆነውን መጠን የሕፃናት ሐኪም ይወስን።

በጤናማ ሰው ከትንሹ አንጀት ወደ ትልቁ አንጀት በቀን ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ይገባል፤ ትልቁ አንጀት አብዛኛውን መጥጦ በሰገራ የሚወጣው ውኃ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ እንዲሆን ያደርጋል። ይህ መጣጭ ሲወጣ ፈሳሹ እንዳለ ወደታች ይወርዳል፤ የፊንጢጣ ጡንቻም ጤነኛ ቢሆን እንኳ ወፍራሙን እንደሚይዝ ውኃ የሆነውን መያዝ ይቸግረዋል። ሲሊየም ያን ፈሳሽ ጠጥቶ እንደ ተልባ ልጋግ ወዳለ ዝልግልግ ነገር ይለውጠዋል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ግን ዱቄቱ ሰገራውን ያወፍራል እንጂ ከሰውነት የሚወጣውን ውኃና ጨው አያስቀርም። ስለዚህ ሰገራው ወፈረ ብለው የሚጠጡትን ፈሳሽ እንዳይቀንሱ፤ በአማርኛ የሆድ ድርቀትንም የሰውነት ፈሳሽ ማጣትንም «ድርቀት» ስለምንል ይህ ስሕተት ብዙ ሰው ያታልላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሲሊየም ገለባ ዱቄት። እንደ አምራቹ ካርቶኑ ላይ ሲሊየም ሃስክ፣ ኢስፓጉላ ወይም ኢሳብጎል ተብሎ ይጻፋል፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። በተቻለ መጠን ስኳርም ሶርቢቶልም የሌለውን ይምረጡ፤ ሁለቱም ውኃ ወደ አንጀት ስለሚስቡ የሚሠሩትን ሥራ ያፈርሱብዎታል።
- አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሁልጊዜ ያው አንዱ። የቤት ማንኪያዎች ስለሚለያዩ በየቀኑ ከቀየሩ መጠኑን አያውቁትም።
- አንድ የውኃ ብርጭቆ።
- ዱቄቱ የሚቀላቀልበት ለስላሳ ምግብ፦ እርጎ፣ የተፈጨ ሙዝ ወይም በውኃ የተቀቀለና የቀዘቀዘ የአጃ ገንፎ።
- የኦአርኤስ (የጠፋ ፈሳሽና ጨው መተኪያ) ከረጢቶችና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ የሚያዝ ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ የመጠጡን ለይተው አስቀድመው አፍልተው ያስቀምጡ።
- ደብተርና እስክሪብቶ።
- ለቆዳ መከላከያ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ቅባት።

ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን የሚጠይቁት

አንጀቱ የተሰፋበት ቦታ ድኗል ወይ? በአንጀቴ ወይም በፓውቹ መውጫ ላይ መጥበብ አለ ወይ? ዱቄቱን ከካርቶኑ ትእዛዝ ባነሰ ፈሳሽ መውሰድ ይፈቀድልኛል ወይ? ከምወስዳቸው መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል ወይ? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ሳይመለሱ አይጀምሩ። በተለይ ሁለተኛው ከባድ ነው፤ በጠበበ አንጀት ውስጥ ያበጠ ዱቄት መንገዱን ሊዘጋ ይችላል።

አሠራሩ

1. ዱቄቱን ሳይነኩ ለ3 ቀን ይመዝግቡ። በቀንና በሌሊት ስንት ጊዜ ለሰገራ እንደተቀመጡ፣ ስንት ጊዜ እንዳመለጠዎ፣ ምን በልተው እንደነበር ይጻፉ። ውፍረቱን ለመግለጽ በመድኃኒት ቤቱ የምንጠቀምበት መለኪያ (ለምግቡ ክብር ባይሆንም ሁሉም ሰው ስለሚገባው) ይህ ነው፦ ውኃ፣ አጥሚት፣ ገንፎ፣ ከገንፎ የጠነከረ። የሚፈለገው ከወፍራም አጥሚት እስከ ለስላሳ ገንፎ ያለው ነው። ይህን መነሻ ካልያዙ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዱቄቱ ረድቶዎት እንደሆነ በግምት ብቻ ይናገራሉ። ፓውች ያላቸው ሰዎች ከተላመዱ በኋላም በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 እስከ 8 ጊዜ መቀመጣቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ወደነበረው ቁጥር መመለስን ግብ አያድርጉ።

2. አንድ የምግብ ሰዓት ይምረጡ። ችግርዎ የቀን ከሆነ ምሳን፣ የሌሊት ከሆነ እራትን ይምረጡ። ዱቄቱ የሚሠራው አብሮት ከሚወርደው ምግብና ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል ስለሆነ ባዶ ሆድ ላይ ብቻውን መውሰድ ጥቅሙን ያሳንሳል። እራትን ከመረጡ ቢያንስ ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ምሽት 1 ሰዓት በልቶ 4 ሰዓት መተኛት ለአብዛኛው ሰው ይመቻል። ዱቄቱን ወስዶ ወዲያው መጋደም ጉሮሮ ውስጥ እንዲቀር ሊያደርገው ይችላል።

3. በግማሽ የሻይ ማንኪያ ይጀምሩ። ማንኪያው አፉ ድረስ የተስተካከለ እንጂ የተከመረ አይሁን። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ቀናት በቀን አንድ ጊዜ ግማሽ ማንኪያ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ማንኪያ ይወስዳሉ። በከረጢት የታሸገ ከሆነ አንዱ ከረጢት ብዙ ጊዜ 3.5 ግራም ስለሚይዝ በግማሹ ይጀምሩ። በጣም የላመው ዱቄት ገለባው እንዳለ ከታሸገው ይልቅ በአንድ ማንኪያ ብዙ ግራም ስለሚይዝ፣ የሚገዙት ዓይነት ሲቀየር የካርቶኑን የግራም መጠን እንደገና ያንብቡ። በትንሹ መጀመር ያስፈለገው አንጀት በድንገት ብዙ ፋይበር ሲገባበት በንፋስ ስለሚወጠርና ሰውም በሁለተኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ ስለሚተወው ነው።

4. ይቀላቅሉ። ከእርምጃዎቹ ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ስለሆነ በእርጋታ ያንብቡት። የምመክረው የመጀመሪያው መንገድ ዱቄቱን በ4 የሾርባ ማንኪያ እርጎ ወይም የተፈጨ ሙዝ ውስጥ ነስንሶ እብጠት እስከማይቀር ድረስ ማማሰልና ሳይቆዩ መብላት ነው። ለስላሳው ምግብ ዱቄቱን ሸፍኖ ስለሚያወርደው ጉሮሮ ላይ አይጣበቅም፤ ብዙ ውኃም አይፈልግም። ሁለተኛው መንገድ በግማሽ ብርጭቆ፣ ማለትም ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር በሚሆን ቀዝቃዛ ውኃ በፍጥነት በጥብጦ ወዲያው መጠጣት ነው። ሁለትና ሦስት ደቂቃ ከተወው ብርጭቆው ውስጥ ይረጋል፤ የረጋውን በግድ መዋጥ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ስለዚህ ደፍተው እንደገና ይበጥብጡ። በትኩስ ሻይ ወይም ቡና አይሞክሩት፤ ሙቀት መርጋቱን ያፋጥነዋል። በሁለቱም መንገድ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይውሰዱ፤ በመጨረሻም ጉሮሮዎን ለማጽዳት ሁለት ሦስት ጊዜ ውኃ ጎንጨት ይበሉ።

የካርቶኑ ጽሑፍ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ የሚያዝዘው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው ለሆድ ድርቀት እንዲሠራ፣ ሁለተኛው እንዳያንቅ ነው። እኛ የመጀመሪያውን አንፈልገውም፣ ሁለተኛውን ግን በፍጹም አንተውም። ለዚህም ነው ለስላሳው ምግብ የተመረጠው። ደረቅ ዱቄት በማንኪያ ወደ አፍ መክተት በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

5. ምግብዎን ወዲያው ይብሉ፣ ከዚያም ለ1 ሰዓት ያህል አይጠጡ። ውኃ፣ ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ጠላ፣ ሁሉም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ሰዓት የሚጠጡት ፈሳሽ ዱቄቱ መጠጣት የነበረበትን የአንጀት ፈሳሽ ቦታ ይወስዳል፤ እንደጠገበ ስፖንጅ ሆኖ ይወርድና ሰገራውን ማወፈሩ ይቀንሳል። ለጎንደር ሰው ከባዱ እርምጃ ይህ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከምሳ በኋላ ቡና ይፈላል፣ እንግዳ ሆኖ አልጠጣም ማለትም ያስቸግራል። አቦሉን ማዘግየት ካልተቻለ ቶናው ላይ ይድረሱ። ምግቡ ሲያንቅዎ ግን ሰዓት አይቁጠሩ፣ ውኃ ጎንጨት ይበሉ።

6. በምግቦች መካከል ይጠጡ። የቀረውን ፈሳሽ የሚተኩት በዚህ ሰዓት ነው። ሰገራው ብዙና ቀጭን በሆነበት ቀን ኦአርኤስን በከረጢቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን፣ ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር፣ በጥብጠው በትንሽ በትንሹ ይጠጡ። ካላገኙ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙ፤ ከዚህ በላይ ጨው አይጨምሩ። ንጹሕ ውኃ ብቻውን በብዛት መጠጣት ጨው ወደ አንጀት ስቦ መጠኑን ሊያበዛው ስለሚችል፣ በተለይ በሆዳቸው ላይ ከረጢት የያዙና በቀን ከ1.5 ሊትር በላይ የሚወጣቸው ሰዎች ምን ያህል ተራ ውኃ እንደሚፈቀድላቸው ሐኪማቸውን ይጠይቁ። የልብ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰውም ጨው ያለበትን ፈሳሽ ሳይጠይቅ አይጀምር።

7. አንድ ማንኪያ ላይ ከደረሱ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ መጠን ይጨምሩ። ዱቄቱ ውጤቱን ለማሳየት ከ1 እስከ 3 ቀን ስለሚወስድበት በየቀኑ መጠን የሚቀያይር ሰው የትላንቱን ውጤት በዛሬው መጠን ይለካል። ከሳምንት በኋላ ሰገራው አሁንም ውኃ ወይም ቀጭን አጥሚት ከሆነ በሌላ ምግብ ላይ ሁለተኛ ማንኪያ ይጨምሩ፤ ካስፈለገ በሦስተኛው ሳምንት ሦስተኛውን ይጨምሩ። ከሦስት ማንኪያ፣ ማለትም ከ10 ግራም ገደማ በላይ በራስዎ አይሂዱ። ከገንፎ ከጠነከረ ወይም ለማስወጣት ማማጥ ከጀመሩ ወደ ቀደመው መጠን ይመለሱ።

8. ከሌሎች መድኃኒቶች በ2 ሰዓት ይለዩት። የረጋው ዱቄት መድኃኒቶችን አብሮ ይዞ ሊወርድ ይችላል። ዋርፋሪን፣ ዲጎክሲን፣ ካርባማዜፒን፣ ሊቲየም ወይም የእንቅርት ሆርሞን የሚወስዱ ሰዎች ለባለሙያ ሳይነግሩ አይጀምሩ፤ የስኳር ሕመምተኞችም ዱቄቱ የደም ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል ልኬታቸውን ይከታተሉ። ሎፐራማይድ (የተቅማጥ ማቆሚያ መድኃኒት) ከታዘዘልዎ ሁለቱን በአንድ ቀን አይጀምሩ፤ የትኛው እንደረዳ ወይም እንደጎዳ መለየት አይቻልም።

9. ሰገራው ሲወፍር ጡንቻውን ያሠልጥኑ። ሐኪምዎ ከፈቀደ፣ ንፋስ እንዳያመልጥ እንደሚይዙት ፊንጢጣን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሰብስበው 5 ሰከንድ ይያዙ፣ 10 ሰከንድ ያሳርፉ፤ ይህን 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር ይሥሩ። ሆድዎንና ጭንዎን አይወጥሩ፣ ትንፋሽም አይያዙ። ዱቄቱ የሚያዝ ነገር ይሰጥዎታል፣ የሚይዘው ግን ጡንቻው ነው።

ቆዳውን በሚመለከት አጭር ነው፦ በወረቀት ከመፈግፈግ በለብ ያለ ውኃ ይታጠቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርገው ያድርቁ፣ ስስ አድርገው ይቀቡ። በርበሬ የበዛበት ወጥ ሲወጣም ማቃጠሉ ስለማይቀር ቆዳው እስኪድን አልጫ ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ

- ዱቄቱን ከወሰዱ በኋላ የደረት ሕመም፣ መዋጥ አለመቻል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከዚህ በፊት የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው ጭራሽ አይጠቀምበት።
- ሆድ እየቆረጠ ከተነፋ፣ ካስመለሰና ሰገራም ንፋስም ካቆመ፣ ከረጢት ላይ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ምንም ካልወረደ፣ የአንጀት መዘጋት ሊሆን ይችላል። ዱቄቱን ያቁሙ፤ ማስቀመጫ መድኃኒት አይውሰዱ፤ ሌሊትም ቢሆን ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ። ጎንደር ከተማ ላለ ሰው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።
- ሽንት ጠቁሮ ከቀነሰ፣ ሲነሱ ካዞረዎ፣ ባትዎን ቁርጥማት ከያዘዎ ሰውነትዎ ፈሳሽና ጨው አጥቷል፤ ኦአርኤስ ይጀምሩ፣ ካልተሻለዎ ይታከሙ።
- ደም፣ ትኩሳት ወይም ድንገተኛ የቁጥር መጨመር ከመጣ ዱቄት አይጨምሩ። የፓውች መቆጣት ወይም ጃርዲያና አሜባን የመሰለ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ምርመራ ያስፈልጋል።
- ዱቄቱ ሲቦን ወደ አፍንጫ እንዳይገባ፤ አስም ባለበት ሰው ላይ አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ተደጋግመው የማያቸው ስሕተቶች

ብዙው ሰው ዱቄቱ ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ተልባ ይተካል። ተልባ ልጋጉ ቢመሳሰልም የማይሟሟ ቅርፊትና ዘይት ስላለው፣ በዚያም ላይ በብዙ ውኃ ተበጥብጦ ስለሚጠጣ፣ የሚያለሰልሰው ይበልጣል፤ አያቶቻችንም የሚሰጡት ለደረቀ ሆድ ነው። ፉርሽካም እንዲሁ ሰገራን ያፋጥናል እንጂ አያወፍርም። ዱቄት በሌለበት ጊዜ የሚረዱት ነጭ ሩዝ (የፎገራው በቅርብ ይገኛል)፣ የበሰለ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ የአጃ ወይም የተፈተገ ገብስ ገንፎ ናቸው፤ የዱቄቱን ያህል ግን ኃይል የላቸውም።

ሁለተኛው ስሕተት ንፋሱን ሁሉ በዱቄቱ ማሳበብ ነው። ሲሊየም በአንጀት ባክቴሪያ ብዙም ስለማይብላላ የሚፈጥረው ንፋስ ከሽሮና ከክክ ያነሰ ነው። በጾም ወቅት ሆድዎ ከተነፋ ደብተሩን ገልጠው የበሉትን ይመልከቱ። ከቡና ጋር የሚቀርበው ፈንዲሻና ቆሎ ደግሞ ከንፋስም በላይ ናቸው፤ በተለይ ከረጢት በያዘ ሰው ላይ ሳይላሙ ገብተው መውጫውን ሊደፍኑ ይችላሉ።

ሦስተኛው ከጾም ጋር ይያያዛል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ሰዎች ጠዋት መውሰድ የነበረባቸውን ከማታው ጋር ደርበው በአንዴ ይወስዳሉ። አይደረብም። የመጀመሪያው ማንኪያ ከ9 ሰዓቱ ምግብ ጋር፣ ሁለተኛው ከራት ጋር ይሁን፤ ሦስተኛው ለዚያ ቀን ይቅር። ረመዳንን የሚጾሙም ዱቄቱን ከማፍጠሪያው የመጀመሪያ ፈሳሽ ጋር ሳይሆን ትንሽ ቆይቶ ከሚበላው ዋና ምግብ ጋር ያድርጉት። ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ መዋል ትልቁ አንጀት ለሌለው ሰው ከባድ ስለሆነ፣ ከመጾም በፊት ሐኪምንም የንስሐ አባትን ወይም የሃይማኖት አስተማሪን ማማከር ያስፈልጋል።

ጸበል የሚጠጡም አሉ። በባዶ ሆድ በብዙ ኩባያ መጠጣት ከላይ እንደተባለው ጨው ይዞ ይወጣል፤ ጉንጭ ሞልቶ መቅመስ ግን አይጎዳም። ዱቄቱን በጸበል በጥብጦ ለመውሰድ የሚፈልግ ሰው ካለ መጠኑ ያው ግማሽ ብርጭቆ ነው፣ ከምግብም ጋር ይሁን።

የመጨረሻው፣ አዲስ መጠን በመንገድ ቀን መሞከር ነው። ነገ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ሰው ዛሬ ማታ አንድ ማንኪያ ቢጨምር ውጤቱ አውቶቡሱ ውስጥ ሊደርስ ይችላል። የለመዱትን መጠን ይዘው ይሂዱ፤ በጉዞው ቀን የሚቀየረው ምግቡ ብቻ ይሁን፦ ጠዋት ሩዝ ወይም ሙዝ፣ ቡናው ደግሞ ከደረሱ በኋላ።